ጋሪ ያቃታት ባዝራ ትውለድ ወይ? የታመመ ፈረስ ላነሳችሁ ሰዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሪ ሲጎትት የከረመ ፈረስ ካነከሰ ወይ ጀርባው ከተገጠበ ዕጣው የታወቀ ነው። ልጓሙን አውልቀው መንገድ ዳር ይለቁታል። ሥጋው አይበላ፣ ወተቱ አይታለብ፤ ከመሸ ደግሞ ጅብ አለ። እንዲህ ያለውን ፈረስ አንስታችሁ ግቢያችሁ ያስገባችሁ ሰዎች እጃችሁ ይባረክ። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው። ፈረሱ ትንሽ ሥጋ ሲያወጣ ሁለት ጥያቄ ይከተላል። ለማን ልስጠው? ባዝራ ከሆነች ደግሞ፣ ለምን አትወልድም?

መጀመሪያ ምን እንደያዘው እወቁ። «ደክሞት ነው» መልስ አይደለም። አንድ ሰው ገመዱን ላላ አድርጎ ይዞ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያሩጠው፤ እናንተ ፊት ለፊት ቁሙና ጭንቅላቱን ተመልከቱ። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ሽቅብ ይላል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። ሲበላም አጠገቡ ቆዩ። ሳሩን አላምጦ አላምጦ ጠቅልሎ የሚተፋ ከሆነ ችግሩ ጥርሱ ነው፤ ጥርሱ ሳይታይ ገብስ ብታፈሱለትም አይወፍርም። አጥንቱ ለወጣ ፈረስ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እህል አትዘርግፉ፣ በአንዴ ብዙ ከበላ ሊሞት ይችላል። ሳርና ድርቆሽ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ።

እግሩና አንገቱ ላይ እባጭ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እየፈነዳ መግል ካወጣ ለብቻው እሰሩት። ፈንገስ ሊሆን ይችላል። በዝንብና በቁስል ይተላለፋል፣ በጋራ ኮርቻና ልጓምም ጭምር። የሚበረታው ሞቅ ባለ፣ እርጥበት ባለው ወይናደጋ ነው፤ ስለዚህ 1,850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ያለችው የኮምቦልቻ ሰው 2,500 ገደማ ላይ ካለው የደሴ ሰው ይልቅ ይጠንቀቅ። ግን ፈረሱን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት አሻግራችሁ ስታወጡት በሽታውም አብሮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፈረስ እስኪድን አይሰጥም፣ አይሸጥም። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ ደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ መውለዱ። ወሬው ሁሌ አንድ ነው፦ «ጋሪ ካልጎተተች ትውለዳ! በቅሎ ከጣለችማ ተገላገልን።» በቅሎ ከፈረስ የበለጠ ብር ስለምታወጣ ነገሩ ያጓጓል፣ አይካድም። ግን እርግዝና ዕረፍት አይደለም። 11 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ፅንሱ በጣም የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው፣ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ደግሞ በዚያው በሚያነክሰው እግር ላይ ነው። ከዚያ ማጥባቱ አለ፣ እሱማ ከእርግዝናውም ይብሳል። ጥርሷ የማያላምጥላት ባዝራ ውርንጭላዋን የምታሳድገው ከራሷ ሥጋ ቀንሳ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ከጋሪ ያስወጣት በሽታ እስካለ ድረስ አትውለድ ባይ ነኝ።

ኮርቻ የገጠባት፣ ቁስሏም ፈጽሞ የዳነ ወጣት ባዝራ ሌላ ነገር ናት፤ ገጣባ አይወረስም። ዓይኗ በአለንጋ የጠፋም እንደዚሁ። የላይኛው ጥርሷ ከታችኛው አልፎ የወጣ ወይም እግሯ ከልደቷ የተጣመመ ከሆነ ግን ወደ ልጇ ሊተላለፍ ስለሚችል ይቅርባት። ጤነኛም ብትሆን አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ ውርንጭላውን ማን ይወስደዋል? የሰውየውን ስም አሁኑኑ መጥራት ካልቻላችሁ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገድ ዳር የሚቆም ሌላ ፈረስ እያዘጋጃችሁ ነው።

በመጠቃት፣ ማለትም ድንጉላ ባዝራን ሲወጣባት፣ የሚተላለፍ በሽታም አለ፣ ዱሪን ይባላል፤ በአርሲና ባሌ ደጋ በደንብ ይታወቃል። ብልቷ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያላት ባዝራ ሳትመረመር ድንጉላ አያግኛት። ደግሞ ከመንገድ ያነሳችኋት ባዝራ አርግዛ መጥታ ይሆናል። ሆዷ ስላልገፋ አታውቁም፤ ሐኪም እጁን አስገብቶ ይያት።

ወንድ ከሆነ አኮላሹት። መቀጥቀጥ ይቅር፤ ሐኪም አደንዝዞ ይሥራው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ይውጋው። ከተኮላሸ በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ከባዝራ ይራቅ፣ የቀረው ዘር ሊያስረግዝ ይችላል። አንድ ፍሬው ብቻ የወረደ ድንጉላ ለዘር አይሆንም።

ለማን ይሰጥ? በሽታውን ሳትደብቁ ለምትነግሩት ሰው። ሰምቶ ከሄደ ይሂድ። አንዳንዱ ፈገግ ብሎ «ጋሪ አላስጎትተውም፣ ውሃ ብቻ ያመላልስልኝ» ይላችኋል። ጋሼ፣ ውሃም እኮ ጭነት ነው! 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አራቱ 80። እግሩ ለማይድን ፈረስ ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። ሌሊት የት ያድራል? በር አለው? 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በበጋ ከየት ያመጣል?

ከተስማማችሁ በወረቀት ይሁን፣ ሁለት ምስክር አቁሙ። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ጋሪ እንደማይጎትት፣ ባዝራ ከሆነች እንዳትጠቃ፣ ካልፈለገው ለሌላ ሳይሸጥ ለእናንተ እንዲመልስ ይጻፍ። ትንሽም ብትሆን ገንዘብ ተቀበሉ ባይ ነኝ፤ በነፃ የሰጣችሁት ፈረስ በሳምንቱ ገበያ ላይ ቆሞ እንዳታገኙት። ከወር በኋላም ሳትደውሉ ብቅ በሉ።

መቆም ያቃተው፣ ሕመሙ የማይበርድለት፣ ሐኪሙም ተስፋ የለውም ያለው ፈረስ ግን ለማንም አይሰጥም። ለሌላ ሰው ማስረከብ ውሳኔውን መሸሽ ነው። ሐኪሙ ያሳርፈው። በመርፌ ከሆነ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ቅበሩት፤ መድኃኒቱ በድኑ ውስጥ ስለሚቀር የበላውን ውሻም ጅብም ይገድላል።