ወፍራም ለሆነ ሰው፦ ጥቃቅን የደም ሥሮችን የሚረዳ ምግብ እንዴት ይሰናዳል?

ውፍረት ያለበት ሰው ስለ ኪሎው ብዙ ይመከራል። ስለ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሥሮች አንዳንዶቹ በጣም ከመጥበባቸው የተነሳ ቀይ የደም ሕዋሶች የሚያልፉባቸው ተራ በተራ ነው። ለጡንቻ፣ ለዓይንና ለኩላሊት ኦክስጅን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ጤነኛ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ሥሩን ያላላዋል፤ ደም እንደልብ ያልፋል። ይህን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሆድ ላይ ስብ ሲከማች ግን ከስቡ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ሽፋኑን ያስቆጡታል። ከምግብ በኋላ የጡንቻን ሥሮች የሚከፍተው ኢንሱሊንም ሥራው ይዳከማል።

ደግነቱ ሽፋኑ ለምግብ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ቅባት የበዛበት አንድ ምሳ ለሰዓታት ሊያደክመው ይችላል። ስለዚህ ኪሎ እስኪቀንስ አይጠብቁ፤ ከዛሬው ወጥ ይጀምሩ።

1. ከድስቱ ይነሱ

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲወፍር ቶሎ የሚወቀሰው እንጀራው ነው። መጠኑ ይቀነስ፤ እስማማለሁ። ግን ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነሽፋኑ ይፈጫል፤ አሰሩም አብሮ ይቀራል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ድስቱን ነው።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ያቁላሉት። በደንብ ሲበስል ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ከጀሪካኑ ማንቆርቆር ይቅር። ቅቤ ከሆነ ደግሞ ለሽታው ያህል ብቻ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል ያድርጉ።

የሚረጋውን የፓልም ዘይት ቢተዉት ይሻላል። ግማሽ ያህሉ ለደም ሥር የማይስማማው የስብ ዓይነት ነው። ጎጃም የኑግ አገር ነው፤ የኑግ ዘይት ስብ በአብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው። ያም ቢሆን ዘይት ነውና ይለካ።

2. የሳህኑን ግማሽ ቅጠል ያድርጉት

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር ይብሉ። እነዚህ ውስጥ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ሰውነት ደግሞ ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ጎመን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ልማድ ነው፤ ናይትሬቱ ግን አብሮ ይፈሳል። በትንሽ ውሃ አፍነው ያብስሉት።

3. ጨው ይቀንሱ

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይሆናል። ስለዚህ ሳይቀምሱ አይጨምሩ።

4. ጾሙን ይጠቀሙበት

ምስር፣ ሽምብራ፣ የባቄላ ክክ፣ ተልባ፦ ለደም ሥር ከዚህ የተሻለ ማዕድ ማግኘት ይከብዳል። ግን ጾመኛው በሳምቡሳ፣ በድንች ጥብስና በለስላሳ ከጠገበ ጥቅሙ ይጠፋል። የፋሲካ ዕለትም ዶሮውን፣ ክትፎውንና ቅቤውን በአንድ ማዕድ አይደራርቡ፤ ሳምንት ሙሉ ይበላል። ፍስክ ሲሆን ከጣና የመጣ ዓሣ ሳይጠበስ፣ በወጥ ቢሆን ይመረጣል።

ኪሎ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ የደም ግፊትም ስኳርም ይሻሻላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ገደማ መቀነስ እንኳ ዋጋ አለው።

የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አመጋገብዎን ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ዋርፋሪን የተባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቅጠል በድንገት አያብዛ።