የጠረጴዛ ላይ ባቡር ስትገጥሙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ወሎ ተቀምጦ ትንሽ የባቡር መስመር ቤቱ ውስጥ የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ተራራ ነው። ምን ይደረግ፣ ደሴ ላይ መስኮት ሲከፈት ጦሳ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሃዲዱ ሳይነጠፍ ጀሶ ይበጠበጣል፣ ካርቶን ይቀደዳል፣ «ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ባቡር እሠራለሁ» ይባላል። ኧረ ተዉ! መኪናው እንኳ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው በኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ ነው። እውነተኛው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመርም ደሴ ከተማ አይወጣም፤ ኮምቦልቻን ይዞ ወደ ሰሜን ነው የሚያልፈው።

ሒሳቡን እንየው። ለትንሽ ባቡር ደህና የሚባለው ዳገት 2 በመቶ ነው፤ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ኤችኦ በሚባለው የባቡር መጠን (ከታች እናየዋለን) አንዱ ባቡር በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። 4 ሜትር ሃዲድ በላ። መውረጃው ደግሞ ሌላ 4 ሜትር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ቦታ ከሌላችሁ መስመሩን ሜዳ ላይ አንጥፉና ተራራውን ከኋላ ግድግዳው ላይ ሳሉት። ያለ ዋሻ ካላስቻላችሁ ሥሩት፣ ግን ከጀርባው እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተዉ። ባቡር ከሃዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ ዋሻ ውስጥ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሁለተኛው ስህተት መጠን ሳይለዩ መግዛት ነው። ኤችኦ የሚባለው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን የሃዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን ደግሞ 160 ጊዜ ያንሳል፣ ሃዲዱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ሃዲድ ላይ አይሄድም። የእንግሊዞቹ ኦኦ ግን ያሳስታል። ሃዲዱ ከኤችኦ ጋር አንድ ነው፣ ባቡሩ ግን 76 ጊዜ ብቻ ነው ያነሰው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሟቸው አንዱ የሌላው ታላቅ ወንድም ይመስላል። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ እኔ ኤን ነው የምለው። በኤችኦ ረጃጅም ፉርጎዎች ደህና አድርገው እንዲዞሩ የኩርባው ሬዲየስ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ከ1 ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ግድግዳ ላይ ካስጠጋችሁት ደግሞ እጃችሁ ወዲያ ማዶ አይደርስም።

ጠረጴዛው ላይ አትሰስቱ። እርጥብ የባህር ዛፍ እንጨት ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሃዲዱንም ይዞት ይጣመማል። ቺፕውድ ደግሞ የክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። የደረቀ እንጨት፣ ከላዩ ፕላይውድ፣ ከዚያ በላይም በታችም ቀለም መቀባት። አለቀ።

አሁን ወደ አሸዋው። ብዙ ሰው ከሃዲዱ ሥር የሚበተነውን ጠጠር ከመግዛት ብሎ ከቦርከና ዳር አሸዋ ያመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሸዋውም ያምራል፤ ግን ሳትፈትሹ አትጠቀሙበት። በወንዝ አሸዋ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ደቃቅ ይኖራል። አሸዋውን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በሻይ ማጥለያ ንፉ፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ፌስታሉ ላይ ጥቁር ጢም ሲበቅል ታያላችሁ። እሱን ካላወጣችሁ የባቡሩ ሞተር ራሱ ማግኔት ስላለው ስቦ ያስገባዋል፣ ከዚያ መንቋቋት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ኮላውንም በውኃ አቅጥናችሁ በመርፌ አንጠብጥቡ፤ መስመር መቀየሪያው አጠገብ ስትደርሱ ግን ቆጥቡ፣ ኮላ ከገባበት አይላወስም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። ባቡሩን ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት የማስተላለፊያውን (ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሃዲዱ የሚያቀብለውን ሳጥን) ጀርባ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የተለመደው ባቡር ሃዲዱ ላይ የሚፈልገው ቢበዛ 12 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ማስተላለፊያው ተበላሸ ብሎ ከግድግዳ ሽቦ የሚስብ ሰው ካለ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። መብራት ሲሄድም ንቀሉት፤ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ታውቁታላችሁ።

ሌላው፣ በሁለት ሽቦ ብቻ ሙሉውን መስመር ለማብላት መሞከር ነው። የሃዲድ መጋጠሚያው ኦክሳይድ ሲይዝ ኤሌክትሪኩ ይደክማል፣ ባቡሩም ማዶ ሲደርስ ያዘግማል። በየሜትሩ ሽቦ ከሥር በይዱ፣ አንዱን ሃዲድ ሁልጊዜ በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር፣ እያንዳንዱን እንደበየዳችሁም በቴስተር እዩት። መስመሩ ዞሮ ባቡሩን በመጣበት ሃዲድ ላይ ወደ ኋላ የሚመልስ ቅርጽ ካለው ግን ቀዩና ጥቁሩ ይጋጫሉ፣ ሾርት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሃዲዱ ተቆርጦ ለብቻው የኤሌክትሪክ መቀየሪያ ይፈልጋል። ለጀማሪ ተራ ክብ ይበቃል።

ጽዳቱን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትሞክሩት። የጫረው ቦታ ሁሉ ቆሻሻ ይይዛል። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በጨርቅ ነክራችሁ ሃዲዱን ጥረጉ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ባቡሩን አጥፍታችሁ፣ እስኪደርቅም ጠብቃችሁ። በበጋ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ማታ ማታ በሰፊ ላስቲክ ሸፍኑት።