ከመስከረም 1 እስከ ስግድ፦ ምኩራባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመጡ

ጳጉሜ ልትገባ ነው፣ እና በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ጥያቄ ይበዛብኛል። ልምጣ ወይ? ምን ልልበስ? ምን ይዤ ልምጣ? አንዳንዱ አያቱ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ እንደነበሩ በቅርብ የሰማ ነው። አንዳንዱ ዘመዶቹ በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄድ አብረው ሄደው እሱ እዚህ የቀረ ነው። ጎረቤትም አለ፣ ዝም ብሎ ማየት የሚፈልግ። ሁላችሁም ኑ። ግን በር ድረስ መጥተው፣ ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ብቻ የሚመለሱ ሰዎች አይቻለሁና የማውቀውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

እኛ ያለነው ከተማው የሚያልቅበት ጋ ነው፣ ከቀጨኔ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ። ሸክላ የሚሠሩ እናቶችና ሸማ የሚሠሩ አባቶች ሰፈር ነው። ታክሲው ካወረዳችሁ በኋላ በእግር ነው፣ መስከረም ላይ ደግሞ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ጫማችሁን ለሌላ ቀን አቆዩት።

መጀመሪያ ነገር፣ በበዓል ቀን ድንገት አትምጡ። በሳምንቱ መሀል፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ፣ አንድ ጊዜ ብቅ በሉ። መታወቂያ ያዙ። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ከየት እንደመጣችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ጥበቃው አንዴ ከለያችሁ በኋላ በሰንበት፣ ማለትም ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ባዶ እጃችሁን ብትመጡም ችግር የለም። ባዶ እጅ ያልኩት በምክንያት ነው። በሰንበት ዕቃ ተሸክሞ መንገድ አይኬድም፣ ገንዘብ አይነካም፣ ስልክ አይከፈትም፣ ፎቶ አይነሳም። መኪናም አይነዳም። ስለዚህ ቤታችሁ ሩቅ ከሆነና ሰንበትን ከእኛ ጋር ማሳለፍ ከፈለጋችሁ እስከ ረቡዕ ንገሩን፣ በአቅራቢያ ያለ ቤተሰብ ዘንድ ማደሪያ ይፈለግላችኋል። ማንም እምቢ ሲል አላየሁም።

ይዛችሁ የምትመጡትን በተመለከተ፣ ከቤት የበሰለ ምግብ ይቅር። የወጥ ቤቱ ሕግ ጥብቅ ነው። ሥጋና ወተት አይገናኙም፣ ድስታቸውም ለየብቻ ነው፣ ሥጋ ደግሞ ሕጉን በሚያውቅ ሰው ካልታረደ አይበላም። ለዚህ ነው ገበታችን ብዙ ጊዜ የጾም የሚመስለው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን። ማምጣት የምትችሉት ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ ሻማ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዘቢብ። ለሰንበት ቡራኬ የሚሆን ወይን እንደ ልብ ስለማናገኝ ዘቢቡን አጥበን በውሃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ይሰነብትና ይጨመቃል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠለላል። ሁሉንም እስከ ዓርብ ቀትር አድርሱ።

ከቻላችሁ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ራሳችሁ ኑ። የእኛን ኑሮ በአንድ ጠዋት ማየት የሚፈልግ ሰው ጸሎት ቤቱን ሳይሆን ወጥ ቤቱን ቢያይ ይሻለዋል እላለሁ። ሊጡ ሐሙስ ማታ ይቦካል። ጠዋት ላይ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይ ሌላ ኮባ ይለብሳል። ከመጋገሩ በፊት አንዷ እናት ከሊጡ እፍኝ የማይሞላ ቁራሽ ቆንጥራ፣ ባርካ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ እሱ አይበላም፣ ይቃጠላል፣ ኦሪት ያዘዘችው የካህኑ ድርሻ ነው። ከዚያ የኮባው ጠርዝ እየጠቆረ ይጨማደዳል፣ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፣ ልጆች በሩ ላይ መሰለፍ ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ገበታ ሁለት ሙሉ ዳቦ ያስፈልጋል፣ በምድረ በዳ ዓርብ ዓርብ መናው በእጥፍ ይወርድ ስለነበር። ዱቄት ማቡካት የሚችል ወንድም ቢመጣ ደስ ይለናል፣ ሴቶቹ ብቻቸውን እየደከሙ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ከ50 ባለው መሀል ነው። ሻማ የሚበራው ከዚያ 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። አያቶቻችን በሰንበት ጭራሽ እሳት አያቆዩም ነበር፣ የቀዘቀዘውን ነው የሚበሉት። ዛሬ ሻማው ቀድሞ ይበራል፣ ምግቡም ቀድሞ ተጥዶ በሙቀቱ ይቆያል። መብራት ቢጠፋ ግን ማንም ተነስቶ ክብሪት አይጭርም፤ በዚያው ጨለማ እንዘምራለን። እንግዳ ሆናችሁ የስልካችሁን ባትሪ ልታበሩልን ብታስቡ፣ ሐሳቡን እናመሰግናለን፣ አታብሩ።

አሁን የምለውን በተለይ ወንዶቹ ስሙኝ። ኦሪት ከጥቅልሉ ላይ ለማንበብ 13 ዓመት የሞላቸው አሥር አይሁድ ወንዶች መገኘት አለባቸው። ሚንያን ይባላል። ባለፈው ክረምት አንድ ሰንበት ዘጠኝ ሆነን ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ አንድ አባት በሩን ገርበብ አድርገው ዳገቱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ያያሉ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አሥረኛው አልመጣም፣ ኦሪቷም ሳትወጣ ዋለች። በኋላ ስንሰማ ሰውዬው እቤቱ ነበር፣ «እኔ ብቀር ማን ያስተውላል» ብሎ። የማኅበሩ አባል ከሆናችሁ በሰዓቱ ኑ፣ የምትጠበቁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አባል ያልሆናችሁም ኑ፣ ቁጥር ውስጥ ባትገቡም ቦታ አላችሁ፤ መቁጠሩ ላይ ግን ስለ ራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ።

ስትገቡ ወንዶች ራሳችሁን ሸፍኑ። ኪፓ፣ ትንሿ ቆብ፣ በር ላይ አለ፣ ኮፍያም ይሆናል። ሴቶች ነጠላ ልበሱ፣ ቀሚሱ ከጉልበት በታች ይሁን። ወንድና ሴት ለየብቻ ይቀመጣሉ። ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው፣ አማርኛ ፊደል የተጻፈበት መጽሐፍ ስላለ ከጎናችሁ ያለው ሰው ገጹን ያሳያችኋል። ሲቆሙ ቁሙ፣ ሲቀመጡ ተቀመጡ። «ሰንበት ሰላም» በሉ፣ ወጣቶቹ «ሻባት ሻሎም» ይሏችኋል፣ ያው ነው። በነገራችን ላይ ጎንደር ያደጉ ሽማግሌ «መስጊድ» ሲሉ ብትሰሙ ግር አይበላችሁ። የድሮው ቤተ እስራኤል ጸሎት ቤቱን እንዲያ ነው የሚጠራው፣ መስገጃ ማለት ነው።

ወደ በዓላቱ ልምጣ። በ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 ዓርብ ነው የሚውለው። ልጆቹ ጠዋት አበባዬሆሽ ብለው ይመለሳሉ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የአይሁድ አዲስ ዓመት 5787 ይገባል። አባቶች ብርሃን ሠረቀ ይሉታል፣ በዕብራይስጥ ሮሽ ሀሻና። ብዙ ሰው የሚመጣው መለከት ሊሰማ ነው፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ መስከረም 2 ቅዳሜ ስለሆነ በሰንበት መለከት አይነፋም። መለከቱ እሑድ መስከረም 3 ጠዋት ነው። ልጆቻችሁን ያን ቀን አምጡ፣ የበግ ቀንድ መሆኑን ቀርበው ይዩት። ማታ ገበታ ላይ አፕል በማር ይቀርባል። አፕሉ ውድ ነው፣ ዳቦውን ማር ውስጥ ብትነክሩትም ያምራል።

ከዚያ አስተሥርዮ፣ በዕብራይስጥ ዮም ኪፑር፣ የኃጢአት ስርየት ቀን። እሑድ መስከረም 10 ማታ 12 ከ20 ገደማ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይጀመራል፣ ሰኞ ማታ ከዋክብት ሲወጡ ያበቃል። 25 ሰዓት ያህል እህልም ውሃም የለም። ነጭ ይለበሳል፣ የቆዳ ጫማ አይደረግም፣ ሸራ ወይም ፕላስቲክ አድርጉ። ልጆች አይጾሙም። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ቀድማችሁ ሐኪማችሁንም የማኅበሩን መሪም ጠይቁ፤ ሕይወት ከጾም ይቀድማል፣ ይህ ሕጉ ራሱ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ የተቀየማችሁት ሰው ካለ ሂዱና ታረቁ። ሰው የበደለው ሰው ይቅር ካላለው በቀር በዚያ ቀን ጾሞ ብቻ አይነጻም።

ዳስ የሚሠራው ከአስተሥርዮ ማግስት ጀምሮ ነው፣ እጅ የሚያስፈልገንም እዚህ ላይ ነው። አራት ቀን ብቻ ነው ያለን፣ ምክንያቱም የዳስ በዓል ዓርብ መስከረም 15 ማታ ይገባል። ግድግዳው ከምንም ሊሆን ይችላል፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ፣ ከሸራ፣ ከጣውላ፣ ንፋስ እንዳይወስደው ብቻ ጠበቅ ይደረግ። ጣሪያው ግን ከመሬት የበቀለና የተቆረጠ መሆን አለበት። እኛ ባሕር ዛፍ ነው የምንጠቀመው፣ ቅጠል የበዛበት። ከፀሐዩ ጥላው ይብዛ፣ ግን ማታ ቀና ስትሉ ኮከብ እስኪታይ ድረስ ይሳሳ። ባለፈው ዓመት ከቤቱ ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ነበር የተከልነው፣ ዝናብ ፈርተን። አንድ ሽማግሌ መጥተው አዩት፣ ቀና አሉና «ልጆች፣ ይሄ ዳስ ሰማይ የለውም» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ከሌላ ጣሪያ ወይም ከዛፍ ሥር የተሠራ ዳስ አይቆጠርም። በምሽት ነቅለን ግቢው መሀል ላይ ተከልነው። ዘንድሮ ከመጀመሪያው መሀል ላይ ነው። ዝናብ መጥቶ ወጡን ካበላሸው ወደ ቤት መግባት ይፈቀዳል።

ዘንባባ፣ ባርሰነት፣ አኻያና ትርንጎ ይዞ መባረክ የሚጀመረው ደግሞ እሑድ መስከረም 17 ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ሰንበት ስለሆነ። ያ ቀን መስቀል ነው። ዋዜማው ማታ ሰፈሩ ደመራ ሲያበራ እኛ ዳስ ውስጥ ነን፣ ጭሱም ዘፈኑም ይደርሰናል። ጎረቤቶቻችንን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት አትፈሩ፣ እነሱም ይሉናል። በዓሉ እሑድ መስከረም 24 ኦሪቷን አቅፎ በመጨፈር ነው የሚያልቀው። ሕፃናት ያላችሁ ያን ቀን እንዳያመልጣችሁ።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ምኩራብ መመላለስ የእስራኤል ጉዞ ወረቀት አያስገኝም። «ስምህን አስገባልሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ዘመድ ቢሆንም ወዳጅ ቢሆንም፣ ሳንቲም እንዳትሰጡ። ሸማውን ሸጦ ለደላላ የከፈለ አባት አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ገንዘቡን አላገኘም። እዚህ መምጣት በነፃ ነው። የልጆች የዕብራይስጥ ትምህርትም እሑድ እሑድ በነፃ ነው፣ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዘው ይምጡ።

መጨረሻ ላይ ስግድ። ከአስተሥርዮ ሃምሳኛው ቀን ነው፣ ዘንድሮ ሰኞ ጥቅምት 30። የሥራ ቀን ስለሆነ አለቃችሁን ከአሁኑ አስፈቅዱ። እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ብላ አውጃዋለች፣ ሥሩ ግን እዚህ አገር ነው። ጎንደር አምቦበር ላይ ሕዝቡ ከየመንደሩ ተሰብስቦ ተራራ ይወጣ ነበር፣ ኪዳኑን ሊያድስ፣ ኢየሩሳሌምን ሊናፍቅ። እኛም ከምኩራቡ በላይ ያለውን ኮረብታ እንወጣለን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እንገናኝ። የሚችል ሰው ከሰዓት እስክንወርድ ይጾማል። ታጥባችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ ኑ። ላይ ስንደርስ ቄሶቹ፣ የቤተ እስራኤል ካህናት፣ በጃንጥላ ሥር ቆመው ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፣ በአማርኛም ይፈቱታል፣ ከነህምያ መጽሐፍም ይነበባል። ፀሐዩ ይከብዳልና ለሽማግሌዎች ጃንጥላ የሚይዙ ወጣቶች ቀድመው ይመዝገቡ። ስንወርድ ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል።

ሲወጣ ድንጋይ ተሸክሞ መውጣት የቆየ ወግ ነው፣ በራስ ወይም በትከሻ፣ ለፈጣሪ ራስን ዝቅ የማድረግ ምልክት። ከቤት ማምጣት አያስፈልግም፣ ዳገቱ ላይ ሞልቷል። አቅማችሁን የሚያህለውን ምረጡ፣ ልጆች ደግሞ በመዳፋቸው የምትገባውን።