የዓሣ ኩሬ ላይ ባክቴሪያ ስትበትኑ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ዙሪያ ቆሮሶ ለማርባት ኩሬ የቆፈራችሁ ሰዎች ስለ ባሲለስ ዱቄት፣ ማለትም የኩሬ ቆሻሻ ስለሚበላው ባክቴሪያ፣ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ግን መድኃኒት አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስፖር ነው፤ ስፖር የሚባለው ባክቴሪያው ምግብ ሲያጣ ወፍራም ሽፋን ለብሶ የሚተኛበት መልክ ነው፤ ጎተራ ውስጥ እንዳለ የጤፍ ዘር እርጥበትና ምግብ እስኪያገኝ ይጠብቃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማታ መበተን ነው። ባሲለስ ሲነቃ የኩሬውን ቆሻሻ ይበላል፣ ሲበላ ደግሞ ኦክስጅን ይወስዳል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እሱም መልሶ ይጠቀመዋል፣ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው። አንድ ክረምት፣ ሰማዩ ሦስት ቀን ደፍኖ በሰነበተበት ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ በትኜ ገባሁና ንጋት ላይ ስደርስ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይፈልጋሉ። ንጹህ ውሃ እስክናስገባ ድረስ ብዙ ሞቱብኝ። ያን ጠዋት አልረሳውም። አሁን የምበትነው ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ጣና ላይ በኬጅ፣ ማለትም ሐይቁ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ቤት፣ የምታረቡ ደግሞ ውሃው ላይ አትበትኑ። ማዕበሉ ይዞት ይሄዳል። ከመኖ ጋር ስጡት። ስፖሩ ድርቀትና ሙቀት ስለሚችል ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቢቀላቀል ችግር የለውም፤ የዓሣውን የጨጓራ አሲድም አልፎ አንጀት ይደርሳል።

ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ሁሉ ያጠፋልኛል ብላችሁም አትጠብቁ። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት በዋናነት ሌሎች፣ ስፖር የማይሠሩና ቀስ ብለው የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባሲለስ በደንብ የሚያግዘው ዝቃጩን በመቀነስ ነው። መኖ ከልክ በላይ እየጣላችሁ ግን እሱም አይችለውም።

አንቲባዮቲክና ባሲለስ አብረው አይሄዱም። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃም የነቃውን ይገድላል፣ ክፍት በርሜል ውስጥ አሳድሩት።

የሚያስፈራኝ ባሲለስን ከአፈርና ከገለባ ራሳችሁ ለማራባት ስትሞክሩ ነው። እባካችሁ ተዉት! ሰብቲሊስ የሚባለው የባሲለስ ዓይነት ጠቃሚ ነው፤ ግን ምግብ የሚመርዘው ሴሪየስም፣ አባ ሰንጋን የሚያመጣውም ወገኖቹ ናቸው፣ በዓይን ደግሞ አይለዩም። ማፍላትም አያድናችሁም፣ ስፖር የፈላ ውሃ ይችላል። ማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ስምና በግራም ያለው ብዛት ካልተጻፈ አትግዙ።

ብርዱንም አስቡት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ባሲለስ የሚመቸው ግን 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብላችሁ እጥፍ አትጨምሩ። ዓሣውም በብርድ ብዙ ስለማይበላ መኖውን ቀነስ አድርጉና ጠብቁ።