የስብስብ ካርድን ሳይጎዱ እንዴት ማጽዳትና ማቃናት ይቻላል

ለስብስብ የሚያዝ ካርድ (የስፖርተኞች ወይም የጨዋታ ካርድ) የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ያው ወረቀት ነው፤ በላዩ ቀለም፣ በአብዛኞቹ አዳዲስ ካርዶች ላይ ደግሞ ከቀለሙ በላይ ስስ አንጸባራቂ ቅብ አለው። በቤት ውስጥ በደህና የሚስተካከሉት በቅቡ ላይ ያረፈ ቆሻሻና ወረቀቱን ያጎበጠው እርጥበት ሲሆኑ፣ የተሰበረ ጥግና የተላጠ ቀለም እንዳሉ ቢተዉ ይሻላል።

መጀመሪያ እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ካርዱንም በጠርዞቹ ብቻ ይያዙ። ከጎን በሚመጣ መብራት ሥር በማጉያ መነጽር ሲያዩት የጣት አሻራ እንደ ጭጋግ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ጭረት ግን ካርዱን ባዘነበሉት ቁጥር እንደ ቀጭን ክር ብልጭ ይላል። ጭረት በማሸት አይጠፋም።

ከመጥረግዎ በፊት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ በጨርቅ ሥር የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ጭረት ታወጣለችና። ከዚያም በደረቅ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ሳይጫኑ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ይጥረጉ። አሻራው አልለቅ ካለ የጨርቁን ጫፍ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ በጥቂቱ አርጥበው፣ አስቀድመው ዋጋ በሌለው ተመሳሳይ ካርድ ላይ ይሞክሩ። ቅብ የሌላቸው የቆዩ ካርዶች ውሃ ስለሚመጥጡ እርጥብ ነገር ጨርሶ አያስነኳቸው። አልኮልና ላጲስም ለማንኛውም ካርድ አይሆኑም።

የፎይል ካርድ (በፊቱ ስስ የሚያብለጨልጭ የብረት ንብር ያለው) የሚጎብጠው ወረቀቱ እርጥበት ሲስብና ሲለቅ ፎይሉ ስለማይለወጥ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት፦ ጠርዞቹ ከተነሡ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት በዝቶበታል፤ መሃሉ ካበጠ ደርቋል። ከ45 እስከ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ከሚጠብቅ ከረጢት ጋር በተከደነ ሣጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያቆዩትና፣ በፕላስቲክ ልባስ ከተው ለስላሳ መጽሐፎች መሃል ያስተኙት። ካውያና የፀጉር ማድረቂያ ቅቡን ስለሚያበላሹ፣ ቸኩለው እንኳ ቢሆን አይሞክሯቸው።

ጠርዝን መከርከምና የጠፋ ቀለምን በእስክሪብቶ መሙላት ጥገና ሳይሆን ካርዱን መለወጥ ነው፤ እንደ ፒኤስኤ ያሉ የካርዶችን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም እንዲህ ለተነካ ካርድ የተለመደውን ከ1 እስከ 10 የሆነ ነጥብ አይሰጡም። ሊሸጡት ካሰቡም ያደረጉትን ሁሉ ለገዢው አስቀድመው ይንገሩ።

በመጨረሻም ካርዱን ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ በተሠራ ልባስ፣ ቀጥሎም በጠንካራ መያዣ ውስጥ አድርገው ከፀሐይ ብርሃን ያርቁት። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ልባስ ግን ከጊዜ ብዛት ማለስለሻ ኬሚካሉ ወጥቶ በካርዱ ላይ ስለሚጣበቅ አይጠቀሙበት።