የቤት ስም ለማዞር ክፍለ ከተማ ከመሄዳችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የይዞታ ጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማ መውረዱ ጥሩ ነው። ግን ቢሮው ቀረበ ማለት ጉዳያችሁ ቶሎ ያልቃል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰው የሚመላለሰው በወረፋ ሳይሆን በማህደሩ፣ ማለትም የቤቱ ሰነዶች ባሉበት ፋይል ምክንያት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማህደራችሁ የት እንዳለ አጣሩ። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ሲቋቋም በዚያ አካባቢ ያሉ ቤቶች ክፍለ ከተማቸው ተቀይሯል፤ የድሮው ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫው) ግን አሁንም «ቦሌ» ወይም «የካ» ሊል ይችላል። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የካርታ ቁጥሩን ስጡና ማህደሩ እዚያ መኖሩን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ስም። ካርታው ላይ «ወልደ ማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ወልደማሪያም» የሚል ከሆነ ከመስኮቱ ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ካርታውን፣ መታወቂያውንና ውሉን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስፋቱንም እዩ። ካርታው 200 ካሬ እያለ አጥሩ 230 ከያዘ ነገሩ ስም ማዞር መሆኑ ይቀርና የትርፍ ይዞታ ጉዳይ ይሆናል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው።

ገዢ ከሆናችሁ እዳና እገዳ ሳታጣሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ቤቱ በባንክ ተይዞ ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል።

ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያዙ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የኤምባሲ ማኅተም ብቻውን አይበቃም፤ ውክልናው እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። ቤቱን መሸጥና ስም ማዞር የሚል ቃልም በግልጽ ይጻፍበት። «ጉዳዬን ሁሉ ይከታተልልኝ» የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም።

አሁን ስለ ቀጠሮ። ቢሮው ውስጥ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ከሆነ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ጊዜ ማለቅ እንዳለበት ተጽፎበታል። የእናንተን ረድፍ ፎቶ አንሱ። ካልተለጠፈም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱ ላይ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት። ያ ወረቀት በእጃችሁ ከሌለ «ማመልከቻ አልደረሰንም» ቢሏችሁ መልስ የላችሁም።

ቀኑ ካለፈ ኮፒውን ይዛችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። ካልሆነ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ አስገቡ፣ የዚህንም ኮፒ አስቀሩ። እዚያም መፍትሔ ካጣችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለውም።