የቲማቲም ችግኝ መደብ ለጀማሪ አትክልተኛ

ወደ ችግኝ ጣቢያ የሚመጣ ሠልጣኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መድኃኒት ርጭት ነው። እኔ ግን መኮትኮቻ አስይዤ ወደ መደብ እመራዋለሁ።

የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ሳትረግጡት እጃችሁ መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጡ፣ ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩ፣ ደረቅ ሣር አልብሱት። እዚህ ላይ ቆጣ ልበል፦ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ በዚያው ዕለት ይነሳ! ከቆየ ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ እንዲህ ያለውን ችግኝ ማሳ ላይ ነፋስ ይጥለዋል።

ውሃ ጠዋት አጠጡ። ርሶ የሚያድር ቡቃያ አንገቱ ላይ ይበሰብሳል። ተጠጋግቶ የበቀለውን አሳሱ። ብዙዎች መንቀል ያሳዝናቸዋል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ተፋፍኖ የሚሞተው ነው።

ችግኙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ለተከላ ይደርሳል። አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከመደቡ በላይ የፀሐይ መከለያ ጥላ ሠርታችሁ ከሆነ አንሱት፣ ውሃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ። በሚነቀልበት ዕለት ግን ሥሩ እንዳይበጠስ መደቡን በደንብ አጠጡ፤ ተከላውም ፀሐይ ስትበርድ ይሁን።